ቱርቦው ለምን ሞተ? ስለ ሞተር ቱርቦ እድሳትና አያያዝ

በዚህ መጽሔት ገጾች ላይ ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ መሬት ይዞታ፣ ስለ ታሪክና ስለ ቋንቋ የሚቀርቡ ጥናቶችን ማንበብ የለመደ አንባቢ፣ ስለ አንድ የመኪና ዕቃ የሚያትት ጽሑፍ ሲያገኝ መገረሙ አይቀርም። ይሁን እንጂ የአንድ ሕዝብ ኑሮ የሚወሰነው በሕግና በታሪክ ብቻ አይደለም፤ እህሉን ከገበያ፣ ሕመምተኛውን ከሐኪም ቤት በሚያደርሰው ሞተርም ጭምር ነው። ስለሆነም ጉዳዩ ከምሁራን መድረክ ውጭ ሊሆን የሚገባው አይመስለንም። እኛን ለዚህ ጽሑፍ ያነሣሣን ደግሞ ንድፈ ሐሳብ ሳይሆን በገዛ ቤተ ዘመዳችን የደረሰ ነገር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አገር ቤት የሚኖር አንድ የቅርብ ዘመዳችን፣ ያገለገለች የጭነት መኪና በብድር ገዝቶ አምስት ልጆች ያስተዳድር ነበር። መኪናይቱ የዓባይን በረሃ እየተሻገረች ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ እህል ታመላልሳለች። አንድ ቀን ዳገት ላይ ጉልበት አነሳት፤ ሰማያዊ ጭስ አወጣች፤ ጋራዥ ስትገባም «ቱርቦዋ ሞቷል» ተባለ። እኛም ወሬው እንደ ደረሰን ሳንውል ሳናድር ከምንኖርበት አገር አዲስ ቱርቦ ገዝተን በመንገደኛ ሻንጣ ላክን። ዕቃው ተገጠመ፤ ምስጋናውም በስልክ ደረሰን። አርባ ቀን ሳይሞላው ሁለተኛው ሞተ። ሦስተኛውን ለመላክ ገንዘብ በምናፈላልግበት ጊዜ የብድሩ መክፈያ ቀን አልፎ መኪናይቱን ለመሸጥ ደላላ ተጠርቶ ነበር።

በዚህ መካከል አንድ አረጋዊ መካኒክ የተሰበረውን ቱርቦ አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ «ለመሆኑ የመጀመሪያው በምን ሞተ?» ሲሉ ጠየቁ። ዘመዳችን መልስ አልነበረውም። እኛም፣ በዩኒቨርሲቲ የሙቀትን ኃይል ሳይንስ ከሃያ ዓመት በላይ ያስተማርነው፣ መልስ አልነበረንም። ጥያቄውን ጭራሹን አልጠየቅነውም ነበርና። ይህ ጽሑፍ ያን ጥያቄ በሚገባው ቦታ ለማስቀመጥ የታሰበ ነው። በመጀመሪያ ቱርቦ ምን እንደ ሆነና ለደጋ አገር ለምን እንደሚያስፈልግ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚገድለው፣ በመጨረሻም እንዴት እንደሚታደስና እንዴት እንደሚጠበቅ እናብራራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

፩. የሞተር ወናፍ

ሞተር በመሠረቱ ምድጃ ነው። ነዳጅ የሚነድደው በአየር ነው፤ አየር ካነሰ ነዳጅ ቢበዛ ትርፉ ጥቁር ጭስ ብቻ ነው። ባለ እጁ ብረት ለማቅለጥ ከሰል መጨመር ብቻ እንደማይበቃው ስለሚያውቅ ወናፍ ይነፋል። ቱርቦም የሞተር ወናፍ ነው። ልዩነቱ፣ ወናፉን የሚነፋው ሰው ሳይሆን ከዚያው ምድጃ የሚወጣው ጭስ መሆኑ ላይ ነው። አለዚያ በጭስ ማውጫው በከንቱ ይባክን የነበረው ሙቀትና ግፊት አንድ መዘውር ያዞራል፤ በዚያው ዘንግ በሌላኛው ጫፍ ያለው ሁለተኛ መዘውር ደግሞ ንጹሕ አየር ስቦና አምቆ ወደ ሞተሩ ይገፋል።

ይህን ሐሳብ ያፈለቀው አልፍሬድ ቡኪ የተባለ የስዊስ መሐንዲስ ሲሆን፣ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው በ1905 ነው። ነገር ግን ያን ሙቀትና ፍጥነት የሚችል ብረት በጊዜው ስላልነበረ ሐሳቡ በተግባር እስኪሳካለት ድረስ ሃያ ዓመት ያህል መጠበቅ ግድ ሆኖበታል። በዚያው መካከል፣ በ1918፣ ሳንፎርድ ሞስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ አንድ የአውሮፕላን ሞተር በኮሎራዶ ክፍለ ግዛት ወደሚገኘው ፓይክስ ፒክ ወደተባለው ተራራ አወጣ። የተራራው ከፍታ 4,300 ሜትር ገደማ ነው። በባሕር ጠለል 350 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ የነበረው ሞተር በተራራው ጫፍ 230 ብቻ ሰጠ። ቱርቦ ሲገጠምለት ግን 356 ደረሰ። ስለዚህ የቱርቦ ታሪክ ገና ከጅምሩ የከፍታ ታሪክ ነበር ማለት ይቻላል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ነገር የሩቅ ወሬ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በመቆርቆሯ፣ እዚያ አንድ ሊትር አየር የሚይዘው ኦክሲጅን በጅቡቲ ወደብ ከሚይዘው በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያው መጠን ጉልበት ያጣል ማለት ነው። በዴንቨር ከተማ የሚኖሩ ወገኖቻችንም፣ ከተማቸው በ1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ነገሩን በመጠኑ ያውቁታል። ከጅቡቲ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወደ ደጋ የሚወጣ የጭነት መኪና፣ ወይም ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን የሚወጣጣ መኪና፣ ጉልበቱን ዳገት ላይ ይዞለት የሚወጣው ቱርቦው ነው።

ነገር ግን ይህ አገልግሎት ዋጋ አለው። በባሕር ጠለል ሞተሩ የሚፈልገውን አየር ለመስጠት ቱርቦው የአካባቢውን ግፊት ሁለት እጥፍ ማድረግ ቢበቃው፣ ያንኑ ያህል አየር በአዲስ አበባ ለመስጠት 2.6 እጥፍ ማድረግ አለበት። ይህን የሚያደርገው ደግሞ በፍጥነት በመዞር ነው። የደጋ ቱርቦ ከቆላው ይበልጥ ይሮጣል፤ ይበልጥ ይግላል፤ ከወሰኑም ይበልጥ ይቀርባል። በሌላ አነጋገር ቱርቦ እጅግ የሚያስፈልገው አገር ቱርቦ እጅግ የሚደክምበትም አገር ነው። አቧራው ሲታከልበት ደግሞ ሸክሙ ይበዛል።

፪. ከፀጉር በቀጠነ ዘይት ላይ የሚንሳፈፍ ዘንግ

የአንድ መካከለኛ ቱርቦ ዘንግ በደቂቃ 150,000 ጊዜ ሊዞር ይችላል፤ ትንንሾቹ ከ200,000 ያልፋሉ። የአየሩ መዘውር አምስት ሳንቲ ሜትር ስፋት ቢኖረው፣ በ150,000 ዙር የክንፎቹ ጫፍ በሰከንድ ወደ 390 ሜትር ይጓዛል፤ ይህም ከድምፅ ፍጥነት በላይ ነው። በአንደኛው ጫፍ ያለው የጭስ መዘውር በናፍጣ ሞተር 700 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድና ከዚያ በላይ፣ በቤንዚን ሞተር ደግሞ እስከ 1,000 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ይሸከማል። ስለዚህም ከኒኬል ቅይጥ ይሠራል። ከእሱ ጥቂት ሳንቲ ሜትሮች ብቻ ርቆ ያለው የአየር መዘውር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ሰላም የሚጠብቀው ዘይት ነው።

ብዙዎቹ ቱርቦዎች ኳስ ያለው ኩሽኔታ የላቸውም። ዘንጉ የሚዞረው ከናስ ወይም ከነሐስ በተሠሩ ቀለበቶች ውስጥ ነው። ቀለበቶቹም ራሳቸው በማቀፊያቸው ውስጥ ይዞራሉ። በዘንጉና በቀለበቱ መካከል፣ እንዲሁም በቀለበቱና በማቀፊያው መካከል፣ ከፀጉር የቀጠነ የዘይት ንጣፍ አለ። ብረት ከብረት አይነካካም፤ ዘንጉ በዘይት ላይ ይንሳፈፋል። ዘንጉ ወደፊትና ወደኋላ እንዳይሸሽ የሚይዘው ሌላ ጠፍጣፋ ኩሽኔታ አለ፤ እሱም የሚኖረው በዘይት ነው። ዘይቱ ከሞተሩ በግፊት ይመጣል፤ ሲመለስ ግን የሚገፋው ነገር የለም፤ በገዛ ክብደቱ ወደ ሞተሩ ሆድ ይፈስሳል። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

በዘንጉ ሁለት ጫፍ ዘይቱን የሚያግደው እንደ ፒስተን ፋሻ ያለ ቀጭን የብረት ቀለበት ነው። ይህ ቀለበት እንደ ጎማ ማኅተም ጥርቅም አድርጎ አይዘጋም። ዘይቱን በቦታው የሚያቆየው በአመዛኙ ከአየሩና ከጭሱ በኩል ያለው ግፊት ነው። ስለዚህ ዘይት የሚያፈስስ ቱርቦ ሁሉ የተበላሸ ቱርቦ አይደለም።

ስለ ሚዛን ደግሞ አንድ ስሌት እናቅርብ። አንዲት የስንዴ ቅንጣት 40 ሚሊግራም ያህል ትመዝናለች። ይህችን የምታህል ክብደት ከመዘውሩ ጠርዝ በአንድ ወገን ብቻ ብትተርፍ፣ በ150,000 ዙር ዘንጉን ወደ ጎን የምትስበው በ25 ኪሎ ግራም ኃይል ነው፤ አቅጣጫውም በሰከንድ 2,500 ጊዜ ይዞራል። ከግራም ሺህኛ በታች የምትመዝነው የጤፍ ቅንጣት እንኳን ሁለት መቶ ግራም ያህል ትስባለች። እንግዲህ ሚዛኑ በዓይን ወይም በእጅ ሊታወቅ እንደማይችል ከዚህ መረዳት አያዳግትም።

፫. ገዳዮቹ

ቱርቦ በራሱ ሕመም የሚሞተው ከስንት አንዴ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሞተው ሌሎች ባመጡበት ነገር ነው። አሟሟቱም በአካሉ ላይ ይጻፋል፤ ለሚያነብብ ሰው ከተፈታ በኋላ ምስክርነቱን ይሰጣል። ዋነኞቹ ገዳዮች አራት ናቸው።

የመጀመሪያው የዘይት እጦት ነው። ንጣፉ ሲቋረጥ ብረት ብረትን ይነካል፤ ዘንጉ በኩሽኔታው ቦታ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ቀለም ይይዛል፤ የኩሽኔታው ናስ በዘንጉ ላይ ይጣበቃል። ሁለተኛው የዘይት መቆሸሽ ነው። ዕድሜው ያለፈ ወይም በጥቀርሻ የጠቆረ ዘይት በኩሽኔታውና በዘንጉ ላይ ዙሪያውን የሄዱ ጭረቶች ይተዋል። ሦስተኛው ባዕድ ነገር ነው። በአየሩ በኩል የገባ ዳዶ ወይም የጨርቅ ቁራጭ የአየሩን መዘውር ክንፎች ያጎብጣል፤ ከሞተሩ በኩል የመጣ የቫልቭ ወይም የፋሻ ስባሪ ደግሞ የጭሱን መዘውር ይቆርጣል። በተቀደደ ማጣሪያ የሚገባ አቧራ ግን አይሰብርም፤ ክንፎቹን ቀስ በቀስ አልስልሶ እንደ ተሳለ ቢላዋ ያቀጥናቸዋል። አራተኛው ከመጠን ያለፈ ፍጥነትና ሙቀት ነው። ጉልበት ለመጨመር ሲባል የጭስ ማሳለፊያውን በር ማስተካከያ በዘፈቀደ የሚያጠብቅ ሰው፣ በተለይ በደጋ አገር፣ ዘንጉን ከወሰኑ በላይ ያስሮጠዋል። የዚህ ምልክቱ የአየሩ መዘውር ጀርባ እንደ ብርቱካን ልጣጭ መቆጣጠሩ ነው።

ሙቀትን በሚመለከት አንድ የታወቀ ልማድ አለ። ሹፌሩ ከዓባይ ድልድይ ጀምሮ ጭነቱን ይዞ ዳገቱን ይወጣና ደጀን ሲደርስ ሻይ አምሮት ሞተሩን ወዲያው ያጠፋል። ቱርቦው በዚያን ጊዜ እንደ ፍም ነው። ሞተሩ ሲቆም የዘይቱ ፍሰት ይቆማል፤ በውስጡ የቀረው ዘይት ከጋለው ብረት ጋር ብቻውን ይቀራል፤ ያርራል፤ ወደ ደረቅ ከሰል ይለወጣል። አንድ ቀን ምንም አያደርግም። መቶ ቀን ሲደጋገም ግን የዘይቱ መንገድ ይጠባል።

የዘመዳችንም ነገር ይኸው ነበር። አረጋዊው መካኒክ የዘይቱን መስጫ ቱቦ ከቱርቦው ነቅለው ጫፉን በጣሳ ውስጥ ካደረጉ በኋላ፣ ናፍጣውን ዘግተው ሞተሩን በሞተሪኖ አስዞሩት። ወደ ጣሳው ሊፈስስ የሚገባው ዘይት ጠብ ጠብ አለ። ቱቦው ሲቆረጥ ውስጡ ባረረ ዘይት ተደፍኖ መርፌ የማያሳልፍ ሆኖ ተገኘ። ያ ቱቦ የመጀመሪያውን ቱርቦ ገደለ፤ አዲሱ ሲመጣም ከዚያው ቱቦ ጋር ተገጠመና በአርባ ቀን ገደለው። በሁለቱም ዘንጎች ላይ ሰማያዊው ቀለም በግልጽ ይታይ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው ብሂል ለማሽንም እንደሚሠራ የተረዳነው ያን ጊዜ ነው።

ጥፋተኛ ያልሆነ ቱርቦ የሚከሰስበትም ጊዜ አለ። ቀደም ሲል እንዳልነው ዘይቱ የሚመለሰው በክብደቱ ብቻ ነው። መመለሻው ቱቦ ከታጠፈ ወይም ከተደፈነ፣ ወይም የፒስተኑ ፋሻ አልቆ በሞተሩ ሆድ ውስጥ ግፊት ከተጠራቀመ፣ ወይም የሞተሩ መተንፈሻ ከተዘጋ ዘይቱ መውረጃ ያጣል፤ በቀለበቶቹም በኩል ይወጣል። የአየር ማጣሪያው በአቧራ ሲታፈንም መዘውሩ ዘይቱን ይስበዋል። በእነዚህ ሁሉ ምክንያቶች ሰማያዊ ጭስ ይታያል፤ ደህናው ቱርቦም ተነቅሎ ይጣላል። እንዲሁም ዘንጉን በጣት ነቅንቆ «ላልቷል» ብሎ መፍረድ የተለመደ ስሕተት ነው። በዘይት ላይ የሚንሳፈፍ ዘንግ ዘይቱ ሲፈስስ ወደ ጎን ጥቂት መነቃነቁ የተፈጥሮው ነው። ሊያሳስብ የሚገባው ክንፎቹ ግድግዳውን የሚነኩ ከሆነ፣ ወይም ዘንጉ ወደፊትና ወደኋላ ሲገፋ መንቀሳቀሱ በጣት የሚታወቅ ከሆነ ነው፤ ይህኛው እንቅስቃሴ በአብዛኛው ከአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ ማለፍ የለበትምና።

፬. እድሳት፤ የሚታደሰውና የማይታደሰው

ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ እድሳት ትርጉም ይኖረዋል። ሥራው የሚጀመረው በማጽዳት ሳይሆን ምልክት በማድረግ ነው። የጭሱና የአየሩ ማቀፊያዎች ከመካከለኛው አካል ጋር በምን አቅጣጫ እንደ ተገጠሙ በጭረት ምልክት ይደረጋል። የአየሩ መዘውር፣ ዘንጉና ዳዶውም አንዱ ከሌላው አንጻር የነበሩበት ቦታ እንዲሁ ይመለከታል፤ የተመዘኑት አብረው ነበርና። በብዙ ቱርቦዎች ይህ ዳዶ የሚፈታው ከተለመደው በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሆነ፣ ሳያረጋግጥ በጉልበት የሚታገል ሰው ዘንጉን ይሰብራል።

በማጽዳት ረገድ ሁለት ክልከላዎች አሉ። የመዘውሮቹን ክንፎች በሽቦ ብሩሽ ወይም በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ አይገባም፤ ያ ሚዛንን መብላት ነው። አሉሚኒየሙንም ብረት በሚታጠብበት ኃይለኛ አልካሊ ማጠብ አይገባም፤ ይበላዋልና። የመካከለኛው አካል የዘይት መንገዶች ግን ያረረው ዘይት እስኪለቅቅ ድረስ ያለ ርኅራኄ መጽዳት አለባቸው። በአሸዋ ርጭት የጸዳ እንደሆነ ደግሞ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት እንኳን ሳትቀር መታጠብ አለበት። የቀረችው ቅንጣት አዲሱን ኩሽኔታ በመጀመሪያው ሰዓት ትጨርሰዋለችና።

ከዚያ ልኬት ይከተላል። የዘንጉ ውፍረትና ክብነት፣ የማቀፊያው ቀዳዳ ስፋት፣ የቀለበቱ ጉድብ ስፋት በማይክሮ ሜትርና በመሰል መሣሪያዎች ተለክተው አምራቹ ለዚያ ዓይነት ቱርቦ ከወሰነው መጠን ጋር ይነጻጸራሉ። ኩሽኔታዎች፣ የፋሻ ቀለበቶችና ጓርኒሲዮኖች ያለ ጥያቄ በአዲስ ይተካሉ። የጎበጠ ዘንግ ግን አይቃናም። የተሰበረ ክንፍ አይበየድም፤ የጎደለውንም በሞረድ አስተካክሎ መልሶ መግጠም አይገባም። ሙቀቱና ፍጥነቱ ይቅርታ አያውቁም። ግድግዳው እስከ ውስጥ የተሰነጠቀ የጭስ ማቀፊያም እንዲሁ ይወገዳል። ጭሱ የሚገባበትን መንገድ የሚያጠቡና የሚያሰፉ ተንቀሳቃሽ ክንፎች ያሏቸው ዘመናዊ ቱርቦዎች ሲሆኑ፣ ክንፎቹ በጥቀርሻ ተይዘው እንደሆነ ጸድተው ያለ ምንም እክል መንቀሳቀሳቸው ይረጋገጣል። የክንፎቹን መነሻ ልክ ግን በግምት መንካት አይገባም፤ በልዩ መሣሪያ የሚስተካከል ነውና።

የመጨረሻው ሥራ ሚዛን ነው። በመጀመሪያ ዘንጉና መዘውሮቹ በየብቻቸው፣ ቀጥሎ ተገጣጥመው በሚዛን ማሽን ላይ ይታያሉ። ደንበኛው ሥራ ከዚያም አልፎ መካከለኛው አካል በሙሉ በከፍተኛ ፍጥነት እየዞረ መንቀጥቀጡ እንዲለካ ያዛል። የጎማ ባላንስ ሳያስደርግ መኪናውን ከከተማ የማያወጣ ሰው፣ በደቂቃ መቶ ሺህ ጊዜ ለሚዞር ዘንግ ሚዛንን እንደ ትርፍ ነገር ሊቆጥረው አይገባም። እዚህ ላይ እውነቱን መናገር አለብን። ሚዛን ማሽን በሌለበት የሚደረግ እድሳት አንዳንዴ ይሰምራል፤ ምልክቱ በጥንቃቄ ከተጠበቀና መዘውሮቹ ካልተለወጡ ሚዛኑ አብሮ ሊመለስ ይችላል። ነገር ግን አዲስ መዘውር ወይም አዲስ ዘንግ የገባበትን ቱርቦ ሳይመዝኑ መግጠም ቁማር ነው።

፭. መልሶ መግጠምና የየዕለት አያያዝ

የታደሰ ቱርቦ አዲስ ከተወለደ ሕፃን አይለይም፤ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይወስኑታል። ከመገጠሙ በፊት ዘይቱና የዘይቱ ማጣሪያ ይለወጣሉ። የዘይቱ መስጫ ቱቦ በአዲስ ይተካል፤ መመለሻው ይጸዳል። በዘይቱ መግቢያ ላይ በጓርኒሲዮን ፈንታ ሲሊኮን መቀባት አይገባም፤ ተንጠባጥቦ የሚደርቀው ቁራጭ ጠባቡን ቀዳዳ ይዘጋዋል። ከሞተው ቱርቦ የወጣ ስብርባሪና ዘይት በአየሩ ቱቦዎችና በኢንተርኩለሩ ውስጥ ሊኖር ስለሚችል ሁሉም ተፈትቶ ይታጠባል።

ይህ የመጨረሻው የንጽሕና ብቻ ጉዳይ አይደለም። የናፍጣ ሞተር በአየሩ በኩል የገባለትን ዘይት እንደ ነዳጅ መጠጣት ከጀመረ ቁልፍ ቢዘጉበትም አይቆምም፤ እስኪሰበር ድረስ እየጮኸ ይፈጥናል። በዚያን ጊዜ ያለው መፍትሔ አየሩን መከልከል ነው። የአየሩ መግቢያ በጠፍጣፋ ጣውላ ወይም በመሰል ጠንካራ ነገር ይደፈናል፤ እጅ ግን በፍጹም አይደቀንበትም። ሹፌሩ በመሪው ላይ ካለም በከፍተኛ ማርሽ ፍሬን ይዞ ሞተሩን ማነቅ ይችላል።

ከተገጠመ በኋላ በዘይቱ መግቢያ ንጹሕ ዘይት ተንቆርቁሮ ዘንጉ በእጅ ይዞራል። ቀጥሎ ነዳጁ ተዘግቶ ሞተሩ በሞተሪኖ ለአጭር ለአጭር ጊዜ እየዞረ የዘይት ግፊት መኖሩ ይረጋገጣል። ከተነሣ በኋላም ለጥቂት ደቂቃዎች በዝግታ ይሠራል እንጂ ነዳጅ አይረገጥም።

የየዕለቱ አያያዝ ከዚህ ይቀልላል፤ በአምስት ነጥቦችም ሊጠቃለል ይችላል። ዘይት አምራቹ ባዘዘው ዓይነት፣ አቧራና ዳገት በበዛበት ሥራም ከተለመደው ቀን ቀድሞ ይለወጥ። ጧት ሞተሩ እንደ ተነሣ ዘይቱ እስኪደርስ ድረስ ነዳጅ አይረገጥ። ከዳገት ወይም ከረጅም ጉዞ በኋላ ሞተሩ ከመጥፋቱ በፊት ሁለት ሦስት ደቂቃ በዝግታ ይሥራ። የአየር ማጣሪያው በጊዜው ይለወጥ፤ የቱቦዎቹም ማሰሪያዎች ይፈተሹ። እንግዳ ፉጨት ወይም ጭስ ሲመጣ «እስከ ቅዳሜ ታድርሰኝ» አይባል።

ተጠቃሚው ማወቅ ያለበትን ሳያውቅ የቀረ እንደሆነ ምን እንደሚከተል ታሪክ ምስክር አለው። በ1962 አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ከቀረቡት የመጀመሪያዎቹ ባለ ቱርቦ የቤት መኪናዎች አንዱ ኦልድስሞቢል ጄትፋየር የተባለው ነበር። ሞተሩ በግፊቱ እንዳይጎዳ ከተጣራ ውኃና ከሜታኖል የተቀላቀለ ፈሳሽ በየጊዜው መሞላት ነበረበት። ብዙዎቹ ባለቤቶች ግን አልሞሉትም፤ ፈሳሹ ሲያልቅ የአየሩ ግፊት እንዲቀንስ ተደርጎ የተሠራ ስለነበረ መኪናው ጉልበት አጣ ብለው አማረሩ። ምርቱ ከ1963 አላለፈም፤ በ1965 ደግሞ ኩባንያው ከበርካታዎቹ ላይ ቱርቦውን አንሥቶ በተራ ካርቡሬተር ተካ። መሣሪያው ከዘመኑ የቀደመ ነበር፤ አያያዙ ግን ከመሣሪያው ጋር አብሮ ለባለቤቱ አልተላለፈም።

ማጠቃለያ

እኛም ለዘመዳችን ያደረግነው ከዚህ የተለየ አልነበረም። ዕቃውን ላክን፤ ዕውቀቱን አላክንም። በእርግጥ በዚያን ጊዜ ዕውቀቱ የነበረው ከእኛ ዘንድ ሳይሆን ከአረጋዊው መካኒክ ዘንድ ነበር። ሰውየው ኩሽኔታ፣ ዳዶ፣ ፋሻ፣ ሞተሪኖ ይላሉ። የጋራዡ አማርኛ እነዚህን ቃላት ከጣሊያንኛ ወስዶ የራሱ ካደረጋቸው ብዙ ዘመን ሆኖታል። ስለ ሞተር በአማርኛ ለመጻፍ ቃል ጠፋ የምንል ምሁራን ካለን መዝገበ ቃላት ከማገላበጣችን በፊት አንድ ቀን ጋራዥ መዋል ይጠቅመናል። እዚያ የሚጎድለው ቃል አይደለም፤ የልኬት ሰንጠረዥ፣ ማይክሮ ሜትርና ሚዛን ማሽን ነው። በሻንጣ የሚላክ ነገር ካለ ከእነዚህ ቢጀመር እንመርጣለን።

ሦስተኛው ቱርቦ አልተላከም። አረጋዊው ከሁለቱ ሬሳዎች የተረፈውን ደህና ደህናውን መርጠው፣ አዲስ ዘንግና አዲስ ኩሽኔታ አስመጥተው፣ አዲስ አበባ አስመዝነው፣ ከሁሉ በፊት ግን ያንን ቱቦ ጥለው በአዲስ ተክተው ገጠሙት። ደላላው ተመለሰ፤ ብድሩም ዘግይቶም ቢሆን ተከፈለ። ዘመዳችን ዛሬ ደጀን ሲደርስ መኪናይቱን በዝግታ እያሠራ መሪው ላይ ቁጭ እንደሚል ነግሮናል። ረዳቱ ሻዩን የሚያመጣለት እዚያው ነው።